ግድግዳውን ሳትለካ ፈሳሹን ለካሁ አትበል

ልጄ፣

ሮቤ ተምረህ በመለኪያ መሣሪያ ጥገና ሥራ ማግኘትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የምትሄድበት ቢራ ፋብሪካ ይሁን ስኳር ፋብሪካ፣ ወይም እዚሁ ቀርተህ ወተት የሚያቀነባብር ድርጅት ብትገባ፣ አንድ ዕቃ በሁሉም ቦታ ይጠብቅሃል፤ የፈሳሽ እፍግታ መለኪያ። ሠራተኛው ዴንሲቲ ሜትር ይለዋል። በሲናና፣ በአጋርፋ፣ በጋሰራና በጎባ ማሳ የሚታጨደው የብቅል ገብስ ብቅል ሆኖ፣ ተፈጭቶና በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ጣፋጭ ዎርት ሲወጣው፣ ዎርቱ ምን ያህል ስኳር እንደያዘ የሚታወቀው በእፍግታው ነው። ገበሬው በኩንታል የሸጠው ገብስ በፋብሪካው ቧንቧ ውስጥ ዳግመኛ የሚመዘነው በዚህ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ሙያ ያረጀሁ ነኝና ብዙ ልመክርህ እችል ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉ በላይ የሚዘነጋውን እነግርሃለሁ። የእፍግታ መለኪያ ካሊብሬሽን የመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የመሣሪያውና የተተከለበት ቧንቧ የጋራ ነው። ይህን የማያውቅ ቴክኒሺያን ደህናውን ሴንሰር ሲፈታና ሲያስር ይከርማል።

1. ከላክቶሜትር ጀምር።

ፋብሪካ ከመግባትህ በፊት፣ ሮቤም ሆነ ጎባ፣ ጠዋት ወተት ከሚረከብ ሰው አጠገብ ቁምና ተመልከት። ወተቱን ሲሊንደር ውስጥ ይቀዳል፣ የወተት እፍግታ የሚለካውን ተንሳፋፊ ብርጭቆ፣ ላክቶሜትሩን፣ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፣ ረጋ ሲል ጎንበስ ብሎ አንገቱ ላይ ያለውን መስመር ያነባል። የላም ወተት እፍግታ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ1.027 እስከ 1.033 ባለው ውስጥ ነው የሚያርፈው። ላክቶሜትሩ 30፣ ማለትም 1.030፣ የሚለው ወተት አሥረኛ እጁ ውኃ ቢሆን ወደ 27 ይወርዳል። በንጹሕና በተበረዘ ወተት መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ሦስት መስመር ናት።

አሁን ሲሊንደሩ ጠባብ ነው እንበል። ላክቶሜትሩ መሃል ላይ አይንሳፈፍም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ብርጭቆው ከብርጭቆ ሲነካካ ይይዘዋል፣ በመካከላቸው የገባችው ቀጭን ወተት ደግሞ ታጣብቀዋለች። ከእውነተኛው ቦታው አንድ ሁለት መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀራል። ላክቶሜትሩ አልተበላሸም፣ ወተቱም አልተበረዘም፤ ያበላሸው የዕቃው ግድግዳ ነው። የነዳጅን እፍግታ በሃይድሮሜትር ለመለካት የወጣው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ከሃይድሮሜትሩ ውፍረት ቢያንስ በ25 ሚሊሜትር እንዲበልጥ የሚያዘው ለዚህ ነው። ይህን በዓይንህ ካየህ የቧንቧውን ጉዳይ ለመረዳት ግማሽ መንገድ ሄደሃል።

2. ሹካው በእርግጥ ምን እንደሚለካ እወቅ።

በቧንቧ ውስጥ ከሚተከሉት ብዙዎቹ የሹካ ቅርጽ አላቸው፤ ሁለት ጣት ያለው ሹካ። ኤሌክትሮኒክሱ ጣቶቹን ያነቃቸዋል፣ እነሱም በተፈጥሯቸው በሚስማማቸው ምት ይርገበገባሉ። አየር ውስጥ ምቱ ፈጣን ነው። ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ግን ብቻቸውን አይመላለሱም፤ በዙሪያቸው ያለውን ፈሳሽ ወዲያና ወዲህ እየገፉ ነው። ሸክም ሲጨመር ምቱ ይዘገያል። መሣሪያው የሚለካው አንድ ምት የሚፈጀውን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በውስጡ በተጫኑት የካሊብሬሽን ቁጥሮች አስልቶ እፍግታ ብሎ ያሳይሃል።

ስለዚህ ሹካው እፍግታን በቀጥታ አያውቅም። የሚያውቀው ጣቶቹ የተሸከሙትን የፈሳሽ ክብደት ብቻ ነው። ያ ክብደት ከፈሳሹ ሌላ በምን ሊለወጥ እንደሚችል መጠየቅ የአንተ ፋንታ ነው።

3. ግድግዳ ሲቀርብ ሸክሙ እንደሚጨምር አትርሳ።

ጣቱ ወደ ፊት ሲሄድ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ ዞሮ ወደ ኋላው መምጣት አለበት። ሰፊ ታንክ ውስጥ ከሆነ እንደልቡ ይዞራል። ግድግዳው ከቀረበ ግን በጠባብ ክፍተት ማለፍ ስላለበት ይፈጥናል። የሮቤ ገበያ ቀን ሜዳ ላይ ሰውን ጥሶ ማለፍና በሁለት ሱቆች መካከል ባለ ሰርጥ ጥሶ ማለፍ እኩል አያደክምም፤ የፈሳሹም ነገር እንዲያው ነው። የፈጠነ ፈሳሽ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጣቱም ፈሳሹ እንደከበደ አድርጎ ይቆጥረዋል። ምቱ ይዘገያል፣ ኮንትሮል ሩም ያለው ቁጥር ከፍ ይላል።

ምን ያህል? ክብ ዘንግ በክብ ቧንቧ መሃል ሲወዛወዝ የሚሸከመው ፈሳሽ በሰፊ ቦታ ከሚሸከመው በስንት እንደሚበልጥ የሚነግር የቆየ ቀመር አለ። የቧንቧውን ራዲየስ ካሬና የዘንጉን ራዲየስ ካሬ ደምር፤ ድምሩን ለሁለቱ ካሬዎች ልዩነት አካፍል። ቧንቧው ከዘንጉ 20 እጥፍ ሲሰፋ ጭማሪው 0.5 በመቶ ነው። 10 እጥፍ ሲሆን 2 በመቶ፣ 5 እጥፍ ሲሆን 8 በመቶ፣ 3 እጥፍ ብቻ ሲሆን 25 በመቶ ይደርሳል። የሹካ ሁለት ጣቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀሱ አንዱ የገፋውን ሌላው በከፊል ያጠፋዋል፤ የሹካ ችግር ከአንድ ዘንግ ያነሰና ከግድግዳው ስትርቅ ቶሎ የሚጠፋ ነው። አካሄዱ ግን ያው ነው፤ ግድግዳው በቀረበ ቁጥር ስሕተቱ ቀስ ብሎ ሳይሆን እየዘለለ ይጨምራል።

2 በመቶ ትንሽ እንዳይመስልህ። 12 ዲግሪ ፕላቶ የሆነ፣ ማለትም በክብደት 12 በመቶ ስኳር ያለው ዎርት እፍግታው 1.048 ነው፤ ከውኃ የሚለየው በ0.048 ብቻ። በዚያ ላይ 2 በመቶ ሲጨመር 1.069 ይነበባል፤ ይህም ወደ 17 ፕላቶ ነው። ጠማቂው ውኃ ጨምሩበት ቢል ምን ትለዋለህ?

4. የቧንቧውን ስም ትተህ የውስጥ ስፋቱን ለካ።

መጋዘን ሄደህ ባለ 4 ኢንች ቧንቧ ብትል ሁለት የተለያየ ዕቃ ሊሰጡህ ይችላሉ። ሁለቱም በውጭ 114.3 ሚሊሜትር ናቸው። ስኬጁል 40 የሆነው ግድግዳው 6 ሚሊሜትር ስለሆነ ውስጡ 102.3 ነው፤ ስኬጁል 80 የሆነው ግድግዳው 8.6 ስለሆነ ውስጡ 97.2 ነው። ከውጭ በዓይን አይለዩም። 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ ከላይ ባለው ቀመር ብታሰላ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 0.8 በመቶ ልዩነት ታገኛለህ፤ በውኃ ላይ በኪዩቢክ ሜትር 8 ኪሎግራም ማለት ነው። ቧንቧ ሲቀየር በያጁ የሚጽፈው «ባለ 4 ኢንች ተተክቷል» ብሎ ነው። አንተ ካሊፐርህን ይዘህ ሂድ፣ ፍላንጁ እንደተፈታ ውስጡን ለካ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መስመሩ ከተዘጋና ምርት ከተጀመረ በኋላ ለመለኪያ ብሎ የሚያቆምልህ የለም።

5. የካሊብሬሽን ሰርተፊኬቱን እስከ ታች አንብብ።

አብዛኛው ሰው የሚያየው ማኅተሙንና ቀኑን ነው። አንተ ሹካው በምን ዓይነት ዕቃ ውስጥ ሆኖ እንደተለካ የሚለውን ፈልግ። በሰፊ ታንክ ነው? በ2፣ በ4 ወይስ በ6 ኢንች ቧንቧ? ጣቶቹ ምን ያህል ገብተው? በሰፊ ቦታ የተለካውን ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ከተከልከው ከፍ አድርጎ ያነባል፤ በጠባብ የተለካውን ሰፊ ውስጥ ከተከልከው ዝቅ ያደርጋል።

የአገራችን የልኬት ምንጭ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው፤ የላቦራቶሪ ሚዛንህና ቴርሞሜትርህ ሰንሰለታቸው እዚያ ይድረስ። ነገር ግን የትም ይለካ፣ ማኅተሙ የሚመሰክረው በዚያ ዕቃና በዚያ ቀን ስለታየው ነው። የአንተን ቧንቧ አላየውም። ስለዚህ አዲስ ሹካ ሲታዘዝ የግዢ ወረቀቱ ላይ የቧንቧህን የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር አስጽፍ። ያቺ አንዲት መስመር በኋላ ብዙ ንትርክ ታስቀራለች።

6. ሴንሰሩን ከመወንጀልህ በፊት አየር ላይ ፈትነው።

ይህ ምክር ብቻውን ደሞዝህን ያስከብርልሃል። ቁጥሩ ከፍ አለ ብለው ሲጠሩህ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ አንደኛው ጣቶቹ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ፣ ሁለተኛው የቧንቧው ግድግዳ። ሁለቱም ቁጥሩን የሚገፉት ወደ ላይ ስለሆነ ከኮንትሮል ሩም አይለዩም። ሹካውን አውጣው፣ ሳትጠርገው አየር ላይ ምቱን አንብብ። አየር እፍግታው ከምንም ስለማይቆጠር ግድግዳ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። የአየር ምቱ ሰርተፊኬቱ ላይ ካለው ከዘገየ ጣቱ ላይ የተጫነ ነገር አለ፤ አጥበህ ድገመው። የአየር ምቱ ትክክል ሆኖ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ብቻ የሚስት ከሆነ ሹካውን ተወውና ቧንቧውን መርምር።

ቀጥሎ ውኃ ነው። የተጣራ ውኃ በ20 ዲግሪ 998.2፣ በ25 ዲግሪ 997.0፣ በ60 ዲግሪ 983.2 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ነው። ሙቀቱን ሳታውቅ ውኃ 1000 ነው አትበል። ውኃው የሚሞከረው በባልዲ ሳይሆን እዚያው ቧንቧ ውስጥ፣ ወይም ተመሳሳይ የውስጥ ስፋት ባለው ቁራጭ ቧንቧ ውስጥ ነው። ባልዲ ሌላ ግድግዳ አለው።

7. በአንድ ነጥብ አስተካክለህ አትሂድ።

ግድግዳው የሚያመጣው ስሕተት ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ ከእፍግታው ጋር አብሮ የሚያድግ ነው። 8 በመቶ ከፍ የሚል ሹካ ለውኃ 1080 ይላል። ቸኩሎ 80 የሚቀንስ ሰው ውኃው 1000 ሆነልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። 1048 የሆነው ዎርት ሲመጣ ግን መሣሪያው 1132 ያነብና 80 ተቀንሶ 1052 ያሳያል፤ አንድ ዲግሪ ፕላቶ ያህል ሳተ። 1316 የሆነ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ቢያልፍበት ስሕተቱ 25 ይደርሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

የሚያዋጣው ሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ውኃ፣ ሌላው ከምታመርተው የማይርቅ። ስኳር መዝነህ ማዘጋጀት ትችላለህ፤ 10 በመቶ በክብደት ስኳር ያለው ውኃ በ20 ዲግሪ እፍግታው 1.038፣ 20 በመቶ ያለው 1.081 ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ተዳፋት አስተካክል እንጂ ቁጥሩን ብቻ ወደ ታች አትጎትት። ከመስመሩ ናሙና ስትቀዳ ደግሞ መሣሪያው ያነበበውን በዚያው ደቂቃ ጻፍ፤ የቀዘቀዘ ናሙናና የሞቀ መስመር አይወዳደሩም።

8. ግድግዳው እንደሚያድግም እንደሚያልቅም አስብ።

ቧንቧ እንደተተከለ አይኖርም። ስኳር ፋብሪካ ውስጥ፣ በ1946 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ወንጂ ይሁን ከእሱ በኋላ የመጡት፣ ጭማቂ ሲሞቅና ሲወፍር ቧንቧው ውስጥ ቅርፊት ይጋግራል። ወተትና ቢራም የየራሳቸውን ድንጋይ ይተዋሉ። በ5 ሚሊሜትር ቅርፊት የተሸፈነ ቧንቧ ውስጡ በ10 ሚሊሜትር ጠቧል። ቁጥሩ ለሳምንታት ቀስ እያለ ከወጣና ቧንቧው ታጥቦ በተጀመረ ማግስት ዘጭ ካለ፣ ፈሳሹ አልተለወጠም፤ ግድግዳው ነው የመጣውና የሄደው።

የጨረራ መለኪያ ከገጠመህ ነገሩ ይገለበጣል። በአንድ ወገን ሲዚየም 137፣ በሌላው ወገን ጨረራ ተቀባይ ከቧንቧው ውጭ ይታሰራሉ፤ ፈሳሹ ሲወፍር የሚያልፈው ጨረራ ይቀንሳል። ጨረራው ግን የብረቱን ግድግዳም ያልፋል። 1 ሚሊሜትር ብረት የሚያስቀረው ጨረራ ወደ 7 ሚሊሜትር ውኃ ከሚያስቀረው እኩል ነው። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ አሸዋና ጭቃ የያዘ ፈሳሽ ግድግዳውን በጨረራው መንገድ ላይ በ1 ሚሊሜትር ቢያሳሳው፣ መለኪያው እፍግታውን 3 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎ ይነግርሃል። ባዶውንና ውኃ ሞልቶ የነበረውን ንባብ በየጊዜው ድገም። ምንጩን መክፈትም ሆነ ማንቀሳቀስ ግን ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው፤ አንተ እጅህን አታስገባ።

ፈሳሹ በሚንቀጠቀጠው ቱቦ ውስጥ የሚያልፍበት ዓይነትም አለ። እሱ ለጎረቤት ቧንቧ ስፋት ግድ የለውም፤ የራሱ ግድግዳ ራሱ መለኪያው ነውና። ፍላንጁን በጉልበት ጎትተህ ካሰርከው ግን ውጥረቱ ንባቡን ያዛባል።

9. ለወፍራም ፈሳሽ ቦታ ስጥ፣ ለአረፋ መውጫ ስጥ።

የሚርገበገብ ጣት ከጎኑ ያለችን ስስ የፈሳሽ ድርብ አብሮ ይጎትታል። በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ለሚመታ ጣት ይህች ድርብ በውኃ ውስጥ የሚሊሜትር ሁለት መቶኛ ያህል ናት። ከሐረና ጫካ እንደሚመጣው ወፍራም ማር ወይም እንደ ሞላሰስ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ከ1 ሚሊሜትር ትበልጣለች። በውኃ ተፈትኖ ያለፈ አተካከል በሞላሰስ ሊወድቅ ይችላል።

ሹካውን በቧንቧው ጎን፣ አግድም ትከል። ከላይ ከተከልከው አረፋ ይሰበሰብበታል፣ ከታች ከሆነ ዝቃጭ ያርፍበታል። በጣቶቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ከላይ ወደ ታች ይቁም፤ አረፋው ወደ ላይ፣ ዝቃጩ ወደ ታች ያልፋል። በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ኪስ ውስጥ ወደ ኋላ ከተሸሸገ ግን ግድግዳው ይከበዋል፣ ፈሳሹም ሳይታደስ እዚያው ይቀዘቅዛል።

10. የባሌን ከፍታ በሒሳብ ውስጥ አስገባ።

ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎባ ከዚያ ትበልጣለች። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የፈሳሹ እፍግታ በዚህ አይለወጥም። ክፍት ዕቃ ውስጥ ግን በዝቅተኛ ግፊት አረፋ ይሰፋል፣ ውኃ ውስጥ የተሟሟ አየርም በቀላሉ ይወጣል፤ ጣቱ ላይ የተጣበቀ አረፋ ደግሞ እፍግታውን ዝቅ ያደርገዋል። የምትፈትንበትን ውኃ አስቀድመህ አፍላ፣ ከድነህ አቀዝቅዘው።

በሁለት ከፍታ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት እፍግታ የሚያሰላ መሣሪያ ካለህ የመሬት ስበትን ጠይቀው። መጽሐፉ 9.807 ይላል፤ ምድር ወገብ ቀርባና ከፍታው ተጨምሮ እዚህ 9.775 አካባቢ ነው። ሳታርመው ብትተወው በውኃ ላይ 3 ኪሎግራም ያህል ዝቅ ይላል። ሹካውም ሃይድሮሜትሩም በዚህ አይነኩም።

11. ለእያንዳንዱ መለኪያ የቧንቧውን ታሪክ ጻፍለት።

ማስታወሻህ ላይ የሴንሰሩን ቁጥር ብቻ አትመዝግብ። የቧንቧውን የውስጥ ስፋት፣ ጣቶቹ የገቡበትን ጥልቀት፣ የስንጥቁን አቅጣጫ፣ የአየር ምቱን፣ የውኃ ንባቡን ከነሙቀቱ ጻፍ። ሹካው ከአንድ መስመር ወደ ሌላ ከተዛወረ ያ ካሊብሬሽን ቀርቷል፤ አዲስ ገጽ ክፈት። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ገጹን አንብቦ ያለ ጥርጥር እንዲቀጥል አድርገህ ጻፈው።

አንድ ቀን አለቃህ ሴንሰሩ ተበላሽቷልና አዲስ ይገዛ የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የውጭ ምንዛሪው ተፈልጎ ዕቃው እስኪገባ ወራት ይሄዳል። ከመፈረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ አየር ላይ ስንት አነበበ? የተለካው በምን ቧንቧ ውስጥ ነበር? አሁን ያለበት ቧንቧ ውስጡ ስንት ነው? ሦስቱንም ሳትመልስ አትፈርም። አዲሱ ሴንሰር የሚገባው እዚያው ቧንቧ ውስጥ ነውና፣ ጥፋቱ የግድግዳው ከሆነ በአዲስ ዋጋ ያንኑ ስሕተት ትገዛለህ።